ስልካችሁ ውስጥ ከበሮ የሚመታው ማን ነው?

ከአያት ባቡር ተሳፍራችሁ ወደ መገናኛ እየሄዳችሁ ነው እንበል። ስልክ እያወራችሁ ነው። ሜሪ አለፈ፣ ሲኤምሲ አለፈ፣ ጉርድ ሾላ ደረሳችሁ፤ ወሬው ግን አልተቋረጠም። በመሐል ስልካችሁ አንዱን ታወር ለቆ ሌላውን ይዟል፤ ምናልባትም ሁለት ሦስቴ። እያንዳንዱ ታወር ደግሞ የራሱ ቻናል አለው። ሬዲዮ ላይ ጣቢያ እንደ መቀየር ማለት ነው፤ ልዩነቱ ቁልፉን የሚያዞረው ስልኩ ራሱ መሆኑ ነው።

ታዲያ ስልኩ ለእያንዳንዱ ቻናል የተለየ መሣሪያ አለው? የለውም። ቦታስ የት ይበቃል! ያለው አንዲት የሩዝ ፍሬ የማታክል የኳርትዝ ክሪስታል ናት።

ኳርትዝ ደስ የሚል ጠባይ አለው። ሲጫኑት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ይህን ፒየር ኩሪና ወንድሙ ዣክ በ1880 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፦ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ቅርጹ በጥቂቱ ይለወጣል። ክሪስታሉ እንደ ደወል የራሱ የተፈጥሮ ንዝረት አለው። ንዝረቱን አጉልቶ መልሶ የሚመግበው ትንሽ ሰርኪዩት ሲገጠምለት ሳያቋርጥ ይርገበገባል። ሁለቱ አንድ ላይ ኦሲሌተር ይባላሉ።

በብዙ የ2ጂ ስልኮች ውስጥ ይህ ምት 26 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 26 ሚሊዮን ጊዜ። ለምን 26 ሆነ? እስቲ 26 ሚሊዮንን ለ130 አካፍሉት። 200,000 ይመጣል። የ2ጂ ቻናሎች እርስ በርሳቸው የሚራራቁት ደግሞ ልክ በ200 ኪሎ ኸርዝ ነው። ለ96 ብታካፍሉት 270,833 ገደማ ይመጣል፤ ይሄ ደግሞ 2ጂ በአንድ ሰከንድ የሚልካቸው ቢቶች ብዛት ነው። ቁጥሩን የመረጡት መሐንዲሶች ማካፈል ይወዱ ነበር ማለት ነው።

ግን ታወሩ የሚያሰራጨው በ900 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ነው። ከ26 ተነስቶ እዚያ እንዴት ይደረሳል?

እስክስታ አስቡ። ከበሮው በዝግታ ይመታል፤ እስክስታ የምትመታዋ ልጅ ትከሻ ግን በጣም ፈጣን ነው። ልጅቷ በአንድ የከበሮ ምት ልክ አራት ጊዜ ትከሻዋን መነቅነቅ አለባት እንበል። አራቱን ሳትጨርስ ከበሮው ከቀደማት ትፈጥናለች፤ ቀድማ ከጨረሰች ትቀዘቅዛለች። እንዲህ እያስተካከለች ስትሄድ ፍጥነቷ ከከበሮው ልክ አራት እጥፍ ሆኖ ይጸናል።

ስልኩ ውስጥም እንዲሁ ነው። ፈጣን ግን የራሱ ጽናት የሌለው ሌላ ኦሲሌተር አለ፤ ቮልቴጅ ሲጨምሩለት ይፈጥናል፣ ሲቀንሱለት ይቀዘቅዛል። አንድ ቆጣሪ የዚህን ፈጣን ኦሲሌተር ምት ለ4737 ያካፍልና ከክሪስታሉ ከተገኘው 200 ኪሎ ኸርዝ ጋር ያነጻጽረዋል። ከቀደመ ቮልቴጁን ቀነስ፣ ከዘገየ ጨመር ያደርጋል። ሲረጋጋ 4737 ሲባዛ በ200 ኪሎ ኸርዝ፣ ማለትም 947.4 ሜጋ ኸርዝ ይሆናል። ቀጣዩን ቻናል ትፈልጋላችሁ? ቆጣሪውን 4738 በሉት፤ 947.6 ይሆናል። በቃ! ቁጥር መቀየር ብቻ ነው። ይህ ሰርኪዩት ፌዝ ሎክድ ሉፕ ይባላል። ሦስት ጊዜ በ4737፣ አንድ ጊዜ በ4738 እንዲያካፍል ካደረጋችሁት ደግሞ በአማካይ 4737.25 ይሆናል፤ ስለዚህ በቻናሎቹ መካከል ያለውን ፍሪኩዌንሲም ማግኘት ይቻላል።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ከበሮ መቺው ራሱ ነው፤ ብርድና ሙቀት ይረብሸዋል።

ሁለት የ433 ሜጋ ኸርዝ የሬዲዮ ሞጁሎች ገዝታችሁ አንዱን እንጦጦ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሌላውን አያት ቤታችሁ ቆርቆሮ ላይ አስቀመጣችሁ እንበል። ጠዋት ሁለቱም ብርድ ላይ ናቸው፣ በደንብ ይግባባሉ። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ይግላል፤ እንጦጦ ያለው ግን እንደቀዘቀዘ ነው። ርካሽ ክሪስታል በሙቀት ለውጥ ከሚሊዮን እስከ 20 እጅ ሊዛነፍ ይችላል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ከ433 ሚሊዮን ላይ ግን ወደ 8,700 ኸርዝ ነው። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ከተዛነፉ ልዩነቱ ከ17,000 ያልፋል። የተቀባዩ ማጣሪያ 12,500 ኸርዝ ስፋት ብቻ ካለው መልእክቱ ከበሩ ውጭ ቀረ። ኮዱን አሥር ጊዜ ብትፈትሹ ስህተት አታገኙም፤ ስህተቱ ኮዱ ውስጥ አይደለምና።

መፍትሔው ገንዘብ ወይም ባትሪ ይጠይቃል። ሙቀት መለኪያ ተገጥሞለት ራሱን የሚያርም ኦሲሌተር አለ፤ ዝንፈቱን ከሚሊዮን ወደ 1 ወይም 2 ያወርደዋል። ከዚህ የተሻለው ደግሞ ክሪስታሉን ትንሽ ምድጃ ውስጥ አስገብቶ ሁልጊዜ 80 ዲግሪ አካባቢ ማቆየት ነው፤ ውጭ ቢበርድም ቢሞቅም ክሪስታሉ አያውቀውም። ምድጃው ግን አንድ ዋት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚበላ ለኪስ ስልክ አይሆንም።

የ2ጂ ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነው፦ ስልኩ ከሚሊዮን 0.1 በላይ መሳት የለበትም፤ በ947 ሜጋ ኸርዝ ላይ 95 ኸርዝ መሆኑ ነው። ባቡሩ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ወደ ታወሩ ሲሄድ ብቻ እንኳ ፍሪኩዌንሲው ወደ 50 ኸርዝ ከፍ ያለ ይመስላል። ታዲያ ርካሹ ስልክ ይህን እንዴት ቻለው? እውነቱን ለመናገር፣ ይኮርጃል። ታወሩ ለምድጃውም ለመብራቱም አቅም ስላለው ጽኑ ኦሲሌተር ይዟል፤ ብዙውን ጊዜ አቶሚክ ሰዓት ከተሸከሙት የጂፒኤስ ሳተላይቶችም ይታረማል። በሰከንድ ብዙ ጊዜ አጭር፣ ንጹሕ ቃና ይልካል። ስልኩ ያንን እያዳመጠ የራሱን ክሪስታል ያስተካክላል። ለእኔ የዚህ ሁሉ ዲዛይን ቆንጆው ክፍል ይሄ ነው፤ ውዱ ዕቃ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሺዎች ይካፈሉታል። የእናንተ ሁለት ሞጁሎች ያጡት ይህን የሚያርማቸው ታወር ነው።

የክሪስታሉን ዝንፈት ቤት ውስጥ ማየት ትችላላችሁ። አንድ ተራ ዲጂታል የእጅ ሰዓት ውሰዱ። ውስጡ ያለው ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ቁጥሩን 15 ጊዜ ለሁለት ብታካፍሉት 1 ይመጣል። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ከስልካችሁ ሰዓት ጋር ስንት ሰከንድ እንደተለያየ ጻፉ። ቀጥሎ አንድ ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ መብራት ብዙ ካልጠፋ ማለቴ ነው። ይህ ዓይነት ክሪስታል በደንብ የሚሠራው 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በ4 ዲግሪ ከሚሊዮን 15 ገደማ ይዘገያል። በሁለተኛው ሳምንት ሰዓቱ ከመጀመሪያው ይልቅ ወደ 9 ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ መቅረት አለበት። እናታችሁ ፍሪጁ ውስጥ ሰዓት ምን ይሠራል ብለው ከጠየቁ፣ ከበሮ መቺው በርዶት እንደሆነ ንገሯቸው።