ዝንቧንም እንደ ፊደል ለይተን እንወቃት

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ዝንብ ነው። «ደግሞ ስለ ዝንብ ምን ይወራል? እሽ ብሎ ማባረር ነው እንጂ!» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው እል ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ሱሉልታ ላይ ያጋጠመኝ ነገር ነው።

እኔ ዘማች ተማሪ ነኝ። ፊደል የማስቆጥረው በአዲስ አበባ ዙሪያ ነው፤ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ደግሞ ሰበታ። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ዳር ዳሩን ግን ዛሬም ገበሬው ያርሳል፤ ላም ያልባል።

አንድ ምሽት ሱሉልታ ላይ ከተማሪዎቼ አንዱ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ የዘለለ አባት፣ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። «ምነው አባባ?» አልኳቸው። «ላሜ ከስታ አለቀች፤ ወተቷም ነጠፈ። ቀኑን ሙሉ ዝንብ እግሯን ሲነክሳት ይውላል። ገንዲ ነው መሰለኝ። ነገ አንድ በግ ሸጬ የገንዲ መድኃኒት ከገበያ ልገዛላት ነው» አሉኝ።

ገንዲን በዋናነት የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ ነው። ሱሉልታ ደግሞ ደጋ ነው። ጥርጣሬ ገባኝና «አባባ፣ በጉን ከመሸጥዎ በፊት እስቲ ዝንቧን እንያት» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ዝንብ ዝንብ ነው። በእኛም በኦሮምኛው ቲቲሳ ነው፤ ሌላ ምን ስም አለው?»

እኔም ሰሌዳው ላይ «በ»፣ «ቡ» እና «ቢ» ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱም ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ነገር ግን «በ» ወገቧ ላይ አንዲት ጭረት ስትጨመርላት ቡ ትሆናለች፤ ጭረቷ ወደ እግሯ ስትወርድ ደግሞ ቢ። ጭረቷን ያላየ ሰው ቃሉን ያበላሻል። ዝንብም እንዲሁ ናት። ጭረቷን ያላየ ሰው በጉን ለከንቱ ይሸጣል።

በማግስቱ ከላሚቱ እግር ላይ ዝንቦች ይዘን በሳሙና ውኃ ገደልናቸውና በነጭ ወረቀት ላይ ዘረጋናቸው። የነበረን መሣሪያ አንድ አጉሊ መነጽርና አንድ መርፌ ብቻ ነው። እናንተም ከዚህ የበለጠ አያስፈልጋችሁም።

መጀመሪያ የሁሉንም ዝንቦች የጋራ መልክ እንይ። የዝንብ አካል በሦስት ይከፈላል፤ ራስ፣ ደረትና ሆድ። እግሮቿ ስድስት ናቸው፤ ሁሉም የሚበቅሉት ከደረቷ ነው። ክንፏስ ስንት ነው? ብዙዎቻችን አራት እንላለን። አራት ክንፍ ያላት ንብ ናት፤ የዝንብ ሁለት ብቻ ነው። በሁለተኛው ጥንድ ክንፍ ቦታ ትንሽ የከበሮ መምቻ የምትመስል ነገር በግራና በቀኝ ትታያለች። ስትበር ሚዛኗን የምትጠብቀው በእርሷ ነው። ወንድና ሴቷን ለመለየት ደግሞ በዓይኖቿ መካከል ያለውን ርቀት ተመልከቱ። የሴቷ ዓይኖች ይራራቃሉ፤ የወንዱ ይቀራረባሉ።

አሁን ወደ ልዩነቱ እንምጣ። ሦስት ቦታ ብቻ እዩ፤ ጀርባዋን፣ አፏንና ክንፏን።

አንደኛዋ የቤት ዝንብ ናት። ቁመቷ ከስንዴ ፍሬ ጋር ይቀራረባል፤ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ከደረቷ በላይ በኩል፣ ማለትም በጀርባዋ ላይ፣ አራት ጥቋቁር ቀጫጭን መስመሮች ከራስ ወደ ጅራት ተሠምረዋል። አፏ ለስላሳ ኩምቢ ነው፤ ጫፉ እንደ ስፖንጅ ይመጣል። መናከስ አትችልም። እንጀራችን ላይ ስታርፍ ምራቋን ትተፋና አሟሙታ ትመጣለች። ቀድሞ ያረፈችበትን ቆሻሻ በእግሯና በአፏ ይዛ ስለምትመጣ ተቅማጥ ታመጣብናለች። የምትራባው በእበት ክምርና በቆሻሻ ጥራጊ ውስጥ ነው። በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ሞቃት ከሆነ እንቁላሉ ትል ሆኖ፣ ትሉም ቡናማ ልባስ ለብሶ ተኝቶ፣ በ10 ቀን ገደማ ዝንብ ሆኖ ይበራል። በብርድ ጊዜ ግን ይዘገያል።

ሁለተኛዋ የዓይን ዝንብ ናት። ከቤት ዝንብ ጥቂት ታንሳለች። በሌላው ነገር እኅትማማች ይመስላሉ። የሁለቱም ክንፍ ጫፍ አጠገብ አንዱ መስመር እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ላይ ይወጣል። ጀርባዋን ስታዩ ግን መስመሮቹ አራት ሳይሆኑ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ወፈር ያሉ ናቸው። «በ»ን ከ«ቡ» የምትለየው ጭረት ይህች ናት!

ሰበታ ላይ አንዲት እናት «ልጄን ዝንብ አላስቆም አላስቀምጥ አለው፤ ዓይኑን ለቀቅ አታደርገውም» ብለው ነግረውኝ ነበር። ይህች ዝንብ ከዓይን እንባና ከዓይን አር ላይ ምግቧን ስለምትፈልግ ነው። ከታመመው ልጅ ዓይን ተነሥታ በጤነኛው ዓይን ላይ ስታርፍ የትራኮማን ተህዋስ ታሸጋግራለች። በ1990ዎቹ በጉራጌ አካባቢ ከሕፃናት ፊት ላይ የተያዙ የዓይን ዝንቦች ሲመረመሩ ተህዋሱ ተገኝቶባቸዋል። በእጅና በጋራ ፎጣም ይተላለፋል። ትራኮማ ሲደጋገም የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ የሽፋሽፍቱ ፀጉር ብሌኑን ይፍቃል፤ በመጨረሻም ብርሃን ይጠፋል። በ1998 ዓ.ም. በመላው አገራችን በተደረገው ጥናት ከሕዝቡ 1.6 ከመቶ ዓይነ ሥውር መሆኑ ታውቋል። ከዚህም ውስጥ 11.5 ከመቶው በትራኮማ ጠባሳ የመጣ ነበር። በሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ተማሪዎች በጣታቸው ብሬል ያነባሉ፤ ያኮራል። ልንከላከለው በምንችለው በሽታ ግን አንድም ልጅ ዓይኑን ማጣት የለበትም።

ታዲያ የዓይን ዝንብ የት ትራባለች? ይህን ልብ በሉ። አብልጣ የምትወደው ሜዳ ላይ የተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። በጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አትራባም። ስለዚህ እበት ጠርገን ሜዳ ላይ መጸዳዳቱን ካልተውን፣ የቤት ዝንብን ቀንሰን የዓይን ዝንብን ቀለብን ማለት ነው።

ሦስተኛዋ ተናካሿ የበረት ዝንብ ናት። ላሚቱ እግር ላይ ያገኘናት እርሷን ነው። ከሩቅ የቤት ዝንብ ናት ብላችሁ ትምላላችሁ፤ ጀርባዋም ላይ አራት መስመር አላት። አፏን ስታዩ ግን ኩምቢዋ ጠንካራና ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ መርፌ ከራሷ ወደ ፊት ወጥቶ ይታያል። ሆዷም ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ። ወንዱም ሴቷም ደም ይመጣሉ። ላም በእግሯ መሬቱን የምትደበድበው፣ በአለባም ጊዜ የምትራገጠው ስለዚህ ነው። የምትራባው በሽንትና በእበት በራሰ የበሰበሰ ጭድ ውስጥ ነው። ቡራዩ ላይ በአንድ በረት ከግርግሙ ሥር የፈሰሰ የቢራ አተላ ሲበሰብስ ትሉ ሲርመሰመስበት አይቻለሁ።

«የቆላ ዝንብ አለመሆኗን በምን አወቅህ?» አሉኝ አባባ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የቆላ ዝንብም መርፌ የመሰለ ኩምቢ አላት። ነገር ግን ስታርፍ ሁለቱን ክንፎቿን እንደተዘጋ መቀስ አንዱን በአንዱ ላይ ትደርባለች። የበረት ዝንብ ክንፎች ግን ወደ ጎንና ጎን ከፈት ይላሉ። የቆላ ዝንብ የምትኖረው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ቆላዎች፣ በዓባይ፣ በዴዴሳ፣ በባሮ፣ በጊቤና በኦሞ ሸለቆዎች ነው። የሱሉልታን ብርድ አትችለውም።

ይሁን እንጂ ዝንቧን ማወቅ ብቻውን የላሚቱን በሽታ አይነግረንም። ተናካሽ ዝንብም የገንዲን ተህዋስ በአፏ ይዛ ከከብት ወደ ከብት የምታሸጋግርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አባባ በጉን ሳይሸጡ ላሚቱን ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ነዷት። ደሟና እበቷ ተመረመረ። የገንዲ ተህዋስ አልተገኘባትም። የተገኘው የጉበት ትል ነው፤ ረግረጉ ሜዳ ላይ ስትግጥ የያዛት! የገንዲ መድኃኒት ቢወጓት ኖሮ ገንዘቡም ላሚቱም ይሄዱ ነበር።

እንግዲህ ሥራው በየዝንቧ ይለያያል። ጀርባዋ ላይ አራት መስመር፣ አፏ ለስላሳ ከሆነ ቆሻሻውን ቅበሩ፤ ምግብ ክደኑ። ሁለት ወፍራም መስመር ከሆነ መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ የልጆቻችሁን ፊት በየቀኑ እጠቡ። አፏ መርፌ ከሆነ የበረቱን እርጥብ ጭድ ጥረጉና አድርቁ። ከብት ሲታመም ደግሞ በግምት መድኃኒት አትግዙ፤ አስመርምሩ።

አባባ አሁን «ቡ»ን ከ«ቢ» ይለያሉ። ባለፈው ሳምንት በብልቃጥ አንዲት ዝንብ ይዘው መጡና «ይህችን አንብብልኝ» አሉኝ። «እርስዎ ያንብቧት» ብዬ መነጽሩን ሰጠኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው «ሁለት መስመር ናት። ከልጅ ልጄ ዓይን ላይ ነው የያዝኳት» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤታቸው ስሄድ ከጓሮ የዶማ ድምፅ ሰማሁ። መጸዳጃ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነበር።