«ኦባማ የሾሟቸው ዳኛ» ሲባል

የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣበት በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፕሬዚዳንት ትራምፕ አብዛኞቹ አዲስ የኢሚግራንት ቪዛ ጠያቂዎች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ አገዱ። ዲቪ የደረሳቸው ሰዎች ጉዳይም በየኤምባሲው ቆመ። ዲቪ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ የመንግሥቱ የበጀት ዓመት ሴፕቴምበር 30 ሲዘጋ ቪዛ ያልወጣለት ሰው ዕድሉ ይቃጠላል። ከየአገሩ የተሰባሰቡ ዕድለኞች ዋሽንግተን ለሚገኘው ፌዴራል ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ዳኛ አሚት ሜታ ቀኑ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የዲቪ ማመልከቻዎችን አፋጥኖ እንዲያስተናግድ አዘዙ፤ ጊዜው ለሚያልፍባቸውም የተወሰነ ቪዛ ተጠብቆ እንዲቆይ ወሰኑ። በ2024 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ቪዛ ይሰጥ ብሎ ማዘዝ አይቻልም በማለት እንዲህ ያለውን ትዕዛዝ ሻረው።

ሜታን በ2014 የሾሟቸው ኦባማ ናቸው። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሌላ ምን ሊወስኑ ኖሯል!» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። የአሜሪካ ጋዜጦችም ዳኛ በጠቀሱ ቁጥር የሾመውን ፕሬዚዳንት ስም አብረው መጥራት ለምደዋል። መረጃው ጠቃሚ ነው፤ እኔም የፍርድ ቤት ዜና ሳነብ ቀድሜ የምፈልገው እሱን ነው። ብቻውን ሲወሰድ ግን ያሳስታል።

የፔንሲልቬንያውን ዳኛ ማቲው ብራንን እንውሰድ። በ2020 ምርጫ ማግስት የትራምፕ ዘመቻ የፔንሲልቬንያ ውጤት እንዳይጸድቅ ያቀረበውን ክስ ውድቅ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። እሳቸውም የኦባማ ተሿሚ ናቸው። ነገር ግን ብራን ከመሾማቸው በፊት የሪፐብሊካን ፓርቲ የረጅም ጊዜ አባል፣ ፌዴራሊስት ሶሳይቲ የተባለው የወግ አጥባቂ ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አባል ነበሩ። ታዲያ ኦባማ ለምን ሾሟቸው? በሴኔቱ ልማድ ለአንድ ግዛት የወረዳ ፍርድ ቤት የታጨ ዳኛ ሹመት የሚታየው የዚያ ግዛት ሁለት ሴናተሮች በሰማያዊ ወረቀት ፈቃዳቸውን ሲገልጹ ነው። ከፔንሲልቬንያ ሴናተሮች አንዱ ዴሞክራት፣ ሌላው ሪፐብሊካን ነበሩና ዕጩዎቹ የመጡት በሁለቱ ስምምነት ነው። የብራን ውሳኔ በይግባኝ ሲታይ ደግሞ ሦስቱም ዳኞች በሪፐብሊካን ፕሬዚዳንቶች የተሾሙ ነበሩ፤ በአንድ ድምፅ አጸኑት። ውሳኔውን የጻፉት ስቴፋኖስ ቢባስ በራሳቸው በትራምፕ የተሾሙ ናቸው።

ይህ ማለት ግን የዳኛ የፖለቲካ ዝንባሌ ተረት ነው ማለት አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ነው። በ94ቱ የወረዳ ፍርድ ቤቶች ብዙው ሥራ የውል ክርክር፣ የአደንዛዥ ዕፅ ክስ፣ የጡረታና የአካል ጉዳት ክፍያ አቤቱታ ነው፤ እዚያ ማን ሾማቸው የሚለው ብዙም አይነግረንም። ከነሱ በላይ 13 የይግባኝ ፍርድ ቤቶች አሉ። ከሁሉ በላይ ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን የሚያየውን ጉዳይ ራሱ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ያልተስማሙበትን፣ ሕጉ በቀላሉ መልስ የማይሰጥበትን ነው። ሕጉ ክፍት ቦታ ሲተው ዳኛው ስለ ሕገ መንግሥቱ ያለው እምነት ይገባበታል። አንዱ ወገን ጽሑፉ በወጣበት ዘመን በነበረው ትርጉም ይነበብ ይላል፤ ሌላው ከዘመኑ ጋር አብሮ ይተርጎም ይላል። ሁለቱም ከልብ የሚታመንባቸው የሕግ አቋሞች ናቸው። ችግሩ ፕሬዚዳንቶች ዕጩ ሲመርጡ አስቀድመው የሚያጣሩት ይህንኑ መሆኑ ነው።

ድሮ ማጣሪያው ይህን ያህል ጠባብ አልነበረም። አይዘንሃወር በ1953 የሾሟቸው ኧርል ዋረን ፍርድ ቤቱን በታሪኩ አብዝተው ወደ ሊበራሉ ጎን ከመሩት አንዱ ሆኑ፤ ትልቁ ቡሽ በ1990 የሾሟቸው ዴቪድ ሱተርም ሪፐብሊካኖችን ያሳዘነ መንገድ ያዙ። ከ2010 ወዲህ ግን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊበራል የሚባሉት ዳኞች ሁሉ የዴሞክራት ተሿሚዎች፣ ወግ አጥባቂዎቹ ሁሉ የሪፐብሊካን ተሿሚዎች ሆነዋል። በ2022 የፅንስ ማቋረጥን ሕገ መንግሥታዊ መብት የሻሩት አምስቱም ዳኞች የሪፐብሊካን ተሿሚዎች ናቸው። ሹመቱ ዕድሜ ልክ ስለሆነ አንድ ወንበር ሠላሳ ዓመት ሊያዝ ይችላል፤ ለዚህ ነው የሴኔቱ ትግል የከረረው። ዳኛ ስካሊያ በ1986 የጸደቁት 98 ለ 0 ነበር። ዳኛ ካቫኖ በ2018 ያለፉት 50 ለ 48 ነው። ስካሊያ በየካቲት 2016 ሲሞቱ ሪፐብሊካኖች የምርጫ ዓመት ነው ብለው የኦባማን ዕጩ ሳይሰሙ ቀሩ፤ በ2020 ግን ምርጫው ስምንት ቀን ሲቀረው ኤሚ ባሬትን አጸደቁ። ሕጉን አልጣሱም። ሕዝብ በዳኞች ላይ ያለው እምነት ግን ያኔ ክፉኛ ተጎዳ ብዬ አምናለሁ።

ሌላው የሚያሳስበኝ ከሳሾች ዳኛቸውን መምረጣቸው ነው። በቴክሳስ አማሪሎ ከተማ የሚቀርብ የፍትሐ ብሔር ክስ የሚደርሰው በተግባር ለአንድ ሰው ነው፤ በትራምፕ ለተሾሙት ለዳኛ ማቲው ካዝማሪክ። ፅንስ ማቋረጥን የሚቃወሙ ሐኪሞች እዚያ ሄደው ከሰሱ፤ ዳኛው በ2023 ሚፈፕሪስቶን የተባለው የፅንስ ማቋረጫ መድኃኒት ፈቃድ እንዲታገድ አዘዙ፤ ትዕዛዙ ሥራ ላይ ቢውል መድኃኒቱ በመላ አገሪቱ ይቆም ነበር። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ስድስት ወግ አጥባቂዎቹን ጨምሮ፣ ከሳሾቹ ለመክሰስ የሚያበቃ የራሳቸው ጉዳት የላቸውም ብሎ በሙሉ ድምፅ ጣለው። ዴሞክራቶችም ሥልጣን በሌላቸው ጊዜ ወደሚመቿቸው ከተሞች መሄዳቸው አይካድም። አንድ ዳኛ ብቻ ያለበት ችሎት ግን ዕጣው የታወቀ ነው።

ስለ ጥቅም ግንኙነት የሚነሡት ውዝግቦች ፓርቲ አይለዩም። በ2023 ወግ አጥባቂው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ አንድ የቴክሳስ ቢሊየነር ከሃያ ዓመት በላይ የከፈለላቸውን የቅንጦት ጉዞ እንዳላሳወቁ ተጋለጠ፤ እሳቸው የቅርብ ወዳጅ መስተንግዶ መመዝገብ እንደማያስፈልገው ተመክሬ ነበር አሉ። በዚያው ዓመት የሊበራል ባልደረባቸው የሶኒያ ሶቶማዮር ሠራተኞች እሳቸው ንግግር የሚያደርጉባቸው ተቋማት መጽሐፋቸውን እንዲገዙ ይገፋፉ እንደነበር ተዘገበ። ፍርድ ቤቱ በኅዳር 2023 የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ፤ የሚያስፈጽመው አካል ግን የለም። ዎል ስትሪት ጆርናል በ2021 ያወጣው ምርመራ ደግሞ 131 ፌዴራል ዳኞች እነሱ ወይም ቤተሰባቸው አክሲዮን ያላቸውን ኩባንያዎች የሚመለከቱ መዝገቦችን ማየታቸውን አሳይቷል። ከምንም የፖለቲካ አቋም በላይ ይህ ያስደነግጠኛል፤ ተከራካሪው ወረፋ ጠብቆ የቆመው አክሲዮን ካለው ሰው ፊት ነበር።

ታዲያ ዳኛን ማንሣት ይቻላል? በሴኔት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይቻላል። በታሪክ በተወካዮች ምክር ቤት የተከሰሱት 15 ፌዴራል ዳኞች ሲሆኑ የተባረሩት 8 ናቸው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሳሙኤል ቼዝ በ1804 በችሎት ላይ ፖለቲካ አብዝተዋል ተብለው ተከሰው በማግስቱ ዓመት ነጻ ከወጡ ወዲህ ውሳኔው አልተወደደም ተብሎ ዳኛ እንዳይባረር ልማዱ ጸና። በመጋቢት 2025 ትራምፕ በውሳኔያቸው የተቆጡባቸው ዳኛ ጄምስ ቦዝበርግ ይከሰሱ ሲሉ ዋና ዳኛ ሮበርትስ በዚያው ቀን ባወጡት መግለጫ፣ ባልተስማሙበት ውሳኔ መንገዱ ይግባኝ ነው አሉ።

ጥገኝነት ጠይቆ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ለሚኖር ወገናችን አንድ ልዩነት በጣም ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ጉዳዩን የሚያዩለት የኢሚግሬሽን ዳኛ ከላይ ከተነገረላቸው ዳኞች ወገን አይደሉም። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሠራተኛ ናቸው፤ ሴኔት አላጸደቃቸውም፤ የዕድሜ ልክ ዋስትና የላቸውም፤ በ2025 ብዙዎቹ ተሰናብተዋል። ይግባኙን የሚያየው ቦርድም በዚያው ሚኒስቴር ሥር ነው። ጉዳዩ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወጥቶ ነጻ ዳኛ ዘንድ የሚደርሰው ቦርዱ ከወሰነ በኋላ፣ ሪችመንድ ላይ በሚቀመጠው አራተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ነው። ለዚያ አቤቱታ ያለው ጊዜ ከቦርዱ ውሳኔ አንሥቶ 30 ቀን ብቻ ነው።