ባቡር የተዋት ጀልዴሳ

የንግድ ከተማ በምን ይቆማል? ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ ሰው በገበያውና በሕዝቡ ብዛት ነው ይላል። ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በቈላው ጫፍ ላይ የምትገኘው ጀልዴሳ ግን ሌላ መልስ አላት።

ምድር ባቡር ከመሠራቱ በፊት ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣ ሲራራ ነጋዴ በጀልዴሳ ማለፍ ነበረበት። የቈላው ግመል የሐረርን ዳገት ስለማይችለው፥ ጭነቱ በዚያ ተራግፎ ለበቅሎና ለአህያ ይዛወራል። ከወደብ የመጣው ጨርቅ ሽቅብ ሲወጣ፥ የሐረር ቡናና ቆዳ ቍልቍል ይወርዳል። በዚህም ምክንያት መንደሪቱ የጉምሩክ ኬላና የነጋዴዎች ማደሪያ ሆነች። አስቀድሞ ሐረርን የያዙት ግብጾች፥ ከ1879 ዓ.ም. ወዲህም የምኒልክ ሹማምንት ይህችን በር አጥብቀው ይጠብቋት ነበር። ይሁን እንጂ የጀልዴሳ ኑሮ በራሷ ምርት ላይ የቆመ አልነበረም፤ ጭነት ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ጀርባ በመዛወሩ ላይ እንጂ።

በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው ዐሳብ ሐዲዱን ሐረር ድረስ ለማውጣት ነበር። ነገር ግን ተራራውን ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ እጅግ ስለ በዛ፥ መሥመሩ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሥፍራ ድሬዳዋ ሆነ። ጀልዴሳን ያደከማት ታዲያ ጦርነት ወይም ቸነፈር አይደለም፤ ጭነቱ በሌላ በኩል ማለፉ ነው። ነጋዴው ወደ ድሬዳዋ ዞረ፤ የዘይላም ንግድ ለጅቡቲ ተላለፈ። ያች ስመ ጥር ኬላ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር ቀበሌ ናት።

ነገሩ በጀልዴሳ አላበቃም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ እንደ ኤረርና አፍደም ላሉት ጣቢያዎች የዕለት ገበያ አስገኝቶላቸው ነበር። የአሰብ መንገድና የጭነት መኪና ግን ባቡሩን ተሻሙት፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማም ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አሮጌ መሥመር ሥራ አቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡር ከሰበታ ተነሥቶ በለቡ በኩል ወደ ጅቡቲ ይጓዛል። የድሬዳዋ አዲስ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠርቷል፤ ጀልዴሳን የተካችው ከተማ በተራዋ ሐዲዱ ሲርቃት አየች።

ይህ ታሪክ ከመርካቶ በስተ ምዕራብ በኮልፌ ሱቅ ለከፈተ፥ በአጠና ተራም ለሚነግድ ሁሉ የሚጠቅም ምክር አለው። ለመጋዘን የረጅም ዘመን ኪራይ ከመፈረሙ በፊት ነጋዴው ራሱን ይጠይቅ፦ ደንበኛዬ የሚመጣው ለዕቃዬ ጥራትና ለቃሌ መታመን ነው ወይስ መንገዱ በደጄ ስለሚያልፍ ብቻ? መንገዱ ቢዞር፥ በሁለተኛው ብቻ የቆመ ሱቅ የጀልዴሳ ዕጣ ይደርሰዋል።