ጨቅላ ሕፃን በጀርባው ቢተኛ ቅርሻቱ ያንቀዋልን?

ባሕር ዳር፦ አራስ ለመጠየቅ የሚገባ ሰው ሁሉ ምክር ይዞ ይገባል። ስለ ገንፎው፣ ስለ አጥሚቱ፣ ስለ ጡቱ አንዱ ከሌላው የተለየ ይናገራል። ወሬው ወደ ሕፃኑ አተኛኘት ሲዞር ግን የብዙዎቹ ቃል አንድ ነው፤ «በጀርባው አታስተኚው፤ ቢያቀረሽ ትን ይለዋል፤ በጎኑ ወይም በሆዱ አድርጊው» ይሏታል። ምክሩ ከርኅራኄ የመነጨ ነው። የዛሬው ሕክምና የሚሰጠው መልስ ግን ተቃራኒው ነው፦ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሌሊትም ሆነ ቀን፣ ለአጭር ሸለብታም ቢሆን፣ በጀርባው ተንጋሎ መተኛት አለበት።

ጉዳዩ ፍጹም ጤናማ የሚመስለውን ሕፃን ጭምር ይመለከታል። ማታ ጡት ጠብቶ፣ ትኩሳትም ሳልም ሳይኖረው የተኛ ጨቅላ ጠዋት ሕይወቱ አልፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሐኪሞች አስከሬኑን መርምረው፣ የተኛበትንም ሥፍራ አይተው ምክንያቱን ሲያጡት «የጨቅላ ሕፃናት ድንገተኛ ሞት» ይሉታል። ከእነዚህ ሞቶች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የሚደርሱት ስድስት ወር ሳይሞላ ሲሆን፣ ከሁሉ የሚያሰጋው ከአንደኛው እስከ አራተኛው ወር ያለው ጊዜ ነው። በእኛ ገጠር ቤት ውስጥ የሞተ ጨቅላ ሳይመረመር ስለሚቀበር ሞቱ ለቡዳ ወይም ለምች ይሰጣል፤ አለዚያም «ተኝታበት ነው» ይባልና የእናቲቱ ሸክም ሆኖ ይቀራል።

ልጆቻችንን በብዛት የሚቀጥፈው ይህ እንዳልሆነ መናገር ተገቢ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 48ቱ አንደኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ እንደሚሞቱ አሳይቷል። ያለ ጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ወቅት መታፈንና እንደ ሳንባ ምች ያሉ ሕመሞች ከፊት የሚሰለፉ ምክንያቶች ናቸው። እነዚህን ለመቀነስ ጤና ጣቢያ፣ ባለሙያና መድኃኒት ያስፈልጋል። የሕፃኑን አተኛኘት ማስተካከል ግን ሳንቲም አያስወጣም፤ ዛሬ ማታ ሊጀመር ይችላል።

አያቶችንና አንጋፋ ነርሶችን ለመውቀስ መቸኮል አይገባም፤ ታላላቅ ሐኪሞችም በዚህ ነገር ተሳስተው ነበር። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ቤንጃሚን ስፖክ እጅግ የተሸጠውን የልጅ አስተዳደግ መጽሐፉን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 አሻሽሎ ሲያሳትም ሕፃናት በሆዳቸው ቢተኙ እንደሚሻል መክሯል። ምክንያቱም ያው የእኛ አያቶች ስጋት ነበር። ምክሩ በአውሮፓና በአሜሪካ በሰፊው ሥር ሰደደ። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች በእንቅልፋቸው የሞቱትን ሕፃናት በሕይወት ካሉት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በሆድ ከመተኛት ጋር የተያያዘው ሞት በርክቶ ተገኘ። ኔዘርላንድስ በ1987፣ እንግሊዝ በ1991 የቀድሞውን ምክር ገለበጡት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ1992 ተከተለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በመላ አገሪቱ ወላጆችን የሚያስተምር ዘመቻ ተጀመረ። በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በአሜሪካ የጨቅላ ሕፃናት ድንገተኛ ሞት በግማሽ ያህል ወረደ። የተፈራው በቅርሻት መታነቅም አልጨመረም።

ለምን አልጨመረም ለሚለው መልሱ ያለው በጉሮሮ አሠራር ውስጥ ነው። በአንገታችን ውስጥ ሁለት ቧንቧዎች አሉ። ከፊት ያለው አየር ወደ ሳንባ የሚወስደው ነው፤ ከእርሱ ኋላ፣ ወደ አከርካሪው ተጠግቶ፣ ምግብ ወደ ጨጓራ የሚያወርደው ይገኛል። ሕፃኑ በጀርባው ሲንጋለል የአየሩ ቧንቧ ከላይ፣ የምግቡ ከታች ይሆናል። ስለዚህ ያቀረሸው ወተት ወደ ሳንባው ለመግባት ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። በሆዱ ሲደፋ ነገሩ ይገለበጣል፤ የአየሩ ቧንቧ ከታች ስለሚውል ከምግቡ ቧንቧ የወጣው ወተት ወደ እርሱ ለመንጠባጠብ ይቀለዋል። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ቦዩ ከማሳው ዝቅ ካለ ውኃው እንደማይወጣለት ያውቃል፤ የሕፃኑም ጉሮሮ የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው። ከዚህም ሌላ ጤናማ ሕፃን ያቀረሸውን ይውጠዋል ወይም ያስለዋል። በተደጋጋሚ የሚያቀረሽ ሕፃንም ቢሆን በጀርባው ይተኛል፤ ከዚህ የተለየ የሚታዘዘው ሐኪም የመተንፈሻ አካሉን መርምሮ ልዩ ችግር ላገኘበት ብቻ ነው።

በሆድ መተኛት ያለ ቅርሻትም አደጋ አለው። ፊቱ ከፍራሽ ወይም ከጨርቅ ጋር የተጣበቀ ጨቅላ ያስወጣውን የተቃጠለ አየር መልሶ ይስባል። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲሆን ይባንናል፣ ይገላበጣል። የጨቅላው አንገት ግን ገና አልጠናም፤ በሆዱ ሲተኛ እንቅልፉ ይከብዳል፤ አየር ሲያጥረው የሚያነቃው የአንጎል ክፍልም በአንዳንዶቹ ላይ በሚገባ አልበሰለም። ብዙ እናቶች «በሆዱ ሳስተኛው ጥሩ ይተኛል» የሚሉት እውነታቸውን ነው። አደጋው ያለው እዚያው ላይ ነው።

በጎን ማስተኛትም መካከለኛ መፍትሔ መስሎ ቢታይም አይመከርም። በጎኑ የተኛ ጨቅላ ጥቂት ከተንቀሳቀሰ በሆዱ ይደፋል። ከኋላው ጨርቅ ጠቅልሎ መደገፍ ደግሞ ፊቱን የሚሸፍን ሌላ ነገር አጠገቡ ማኖር ነው።

አቀማመጡ ከተስተካከለ በኋላ የሚታየው የሚተኛበት ነገር ነው። መኝታው ጠንከር ያለና ደልዳላ ሊሆን ይገባዋል። የረገበ ጠፍር አልጋ ወይም መሐሉ የጎደጎደ ስፖንጅ ፍራሽ ሕፃኑን ወደ ጉድጓዱ፣ ወደ እናቱም ሥር ያንከባልለዋል። በዚህ በኩል በሰሌን ላይ በስሱ የተነጠፈ መደብ ከብዙ የከተማ አልጋ የተሻለ ነው፤ ድሃ ቤት ነው ተብሎ የሚናቀው መኝታ ለጨቅላ የሚመች ሆኖ ይገኛል። ትራስ አያስፈልገውም። በከተማ ሱቆች የሚሸጡት ለስላሳ የሕፃን ትራሶችና የጨርቅ አሻንጉሊቶችም ሲተኛ ከአጠገቡ መነሣት አለባቸው። ወባ ባለበት ቆላ አጎበሩ አይቀርም፤ ነገር ግን ጫፉ ከፍራሹ ሥር በደንብ ይወተፍ፤ ላልቶ ፊቱ ላይ እንዳይወድቅ።

በደጋው አካባቢ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ብርድ ነው። ጨቅላውን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ በላዩ ብርድ ልብስ መደረብ የተለመደ ነው። ነፋስ እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበትም ተብሎ ይሸፈናል። ፊቱ የተሸፈነ ሕፃን አየር ያጥረዋል፤ ከልክ በላይ የሞቀ ሕፃን ደግሞ እንቅልፉ ይከብዳል። ለልኩ መለኪያ የሚሆነው ትልቅ ሰው በዚያ ክፍል ከለበሰው አንድ ልብስ ብቻ መጨመር ነው። እጁና እግሩ ቢቀዘቅዙ አያሳስብም፤ ደረቱን ወይም ማጅራቱን በእጅ ዳስሶ ላብ ካለው አንዱን ልብስ ማውለቅ ይገባል። ልብሱ ከብብቱ በታች ይዋል፤ ፊቱ ዘወትር ይገለጥ። ሲጠቀለልም እግሮቹ እንዲታጠፉና እንዲከፈቱ ቦታ ይተው፤ አጥብቆ አቅንቶ ማሠር የዳሌውን መገጣጠሚያ ይጎዳል። መገላበጥ መሞከር ሲጀምር መጠቅለሉ ይቅር።

ከእናቱ ጋር በአንድ አልጋ መተኛቱ ብዙ የሚያከራክር ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ሕፃኑ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ እንዲተኛ ይመክራሉ። ባለ አንድ ክፍል ቤት ላለውና ሌሊቱን ሙሉ ለምታጠባ እናት ይህን እንደ ትእዛዝ መንገር ብዙ አይረባም። በዚያው መደብ ላይ በእጅ በሚደረስበት ርቀት የራሱን ትንሽ ንጣፍ ማዘጋጀት ግን ይቻላል። አብረው ከተኙም ሕፃኑ በእናቱና በአባቱ መካከል ሳይሆን፣ ሊወድቅበት ወይም ሊሰነቀርበት የሚችል ክፍተት በሌለበት በእናቱ በኩል ይሁን፤ የእናቲቱ ብርድ ልብስም አይድረስበት። ታላላቆቹ ልጆች አጠገቡ አይተኙ። ጫጩት የሚያሳድጉ ሰዎች በብርድ ሌሊት ከሥር የተደራረቡት ታፍነው ሲያድሩ አይተዋል፤ በአንድ ቡልኮ ሥር የሚያድሩ ልጆችም ተኝተው ሳሉ ታናሻቸውን አያስተውሉትም።

ጨርሶ አብሮ መተኛት የማይገባበትም ጊዜ አለ። አባት ወይም እናት ጠላ፣ ጠጅ ወይም አረቄ ከጠጡ፣ የሚያፈዝ መድኃኒት ከወሰዱ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ፣ ሕፃኑ ያለ ጊዜው ወይም ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች ሆኖ ከተወለደ መኝታው ይለይ። የክርስትና ድግስ ሌሊት በተለይ መታሰብ አለበት፤ እንግዳው በዝቶ አልጋው ይጣበባል፣ ሁሉም ቀምሶ ያድራል። በከተማ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ሶፋ ነው። ደክሟት ሶፋ ላይ እያጠባች የምታንቀላፋ እናት በአልጋዋ ላይ ተጋድማ ብታጠባ ይሻላታል። ጡት ማጥባቱ በራሱ ከድንገተኛው ሞት የሚከላከል በመሆኑ በመኝታው ሰበብ እንዳይቋረጥ።

አራስ ቤትን ለማሞቅ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ለእናትም ለልጅም ገዳይ ነው፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የሲጋራ ጭስ የድንገተኛውን ሞት ዕድል ይጨምራል፤ የማገዶው ጭስ ደግሞ ለሳንባ ምች ያጋልጣል።

በአንቀልባ ታዝሎ የሚተኛውስ? ማዘል ክፉ ልማድ አይደለም፤ እግሮቹ ተከፍተው መታዘላቸው ለዳሌው ጥሩ ነው። ሆኖም አንገቱ ያልጠና ጨቅላ አገጩ ደረቱን ከነካ የአየር ቧንቧው ይታጠፋል፤ ከጀርባ ሲታዘል ደግሞ እናቱ ፊቱን አታየውም። አንገቱን ችሎ እስኪይዝ ድረስ ፊቱ እየታየ ከፊት መታቀፉ ይመረጣል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሆስፒታል በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ የሚታሠሩበት የካንጋሮ እንክብካቤም ከላይ ካልነው ጋር አይጋጭም። እናቲቱ ቀና ብላ ትደገፋለች፣ የሕፃኑ ፊት ወደ ጎን ይዞራል፣ ባለሙያም ይከታተላል። ከደረቷ ወርዶ በመኝታው ሲተኛ ግን በጀርባው ነው።

«ሁልጊዜ በጀርባው ከተኛ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ ይሆናል» የሚለው ስጋት በከፊል እውነት አለው። መድኃኒቱ ነቅቶ ሳለ፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እያየው፣ በሆዱ ማንፏቀቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ገና መዳህ ያልጀመሩ ሕፃናት በቀን ውስጥ ተከፋፍሎ ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲህ እንዲሆኑ ይመክራል፤ አንገቱና ትከሻውም ይጠነክርበታል። ሲተኛም አንድ ቀን ራስጌውን ወደዚህ፣ በማግስቱ ወደዚያ ማድረግ ይረዳል። ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ በራሱ ወዲያና ወዲህ መገላበጥ ሲችል በጀርባው ይተኛ፤ ሌሊት ራሱ ቢገላበጥ እየተነሡ መመለስ አያስፈልግም።

ከክትባቶቹ አንዳንዶቹ የሚሰጡት በተወለደ በ45 ቀኑ፣ የድንገተኛው ሞት ዕድል በሚያይልበት ወራት በመሆኑ አንዳንድ ወላጆች ሁለቱን ያያይዟቸዋል። ጥናቶች ክትባት ይህን ሞት እንደማያመጣ አረጋግጠዋል።

የሚቀረው ሕፃኑን የሚያስተኙት ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲያደርጉ ነው። በአጨዳና በውቂያ ወራት እናት ማሳ ስትውል ጨቅላውን ዛፍ ጥላ ሥር የምታስተኛው የስምንት ዓመት እኅቱ ወይም አያቱ ናት፤ በከተማ ደግሞ ሞግዚት። ዘወትር በጀርባው የሚተኛ ሕፃን ያለ ልማዱ በሆዱ ሲደፋ የሚደርስበት አደጋ ከሌላው ጊዜ የከፋ መሆኑ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ እናቲቱ ከመሄዷ በፊት እንዴት እንደሚተኛ በእጇ አስተኝታ ታሳያቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አራስ ቤት ስትመጣም ሕፃኑ የሚያድርበትን መደብ ወይም አልጋ አሳይቶ መጠየቅ ይቻላል።