የዶርዜ ጣሪያና የአርባ ምንጭ ቆርቆሮ

የዶርዜ ቤት ሲያረጅ ያጥራል። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ምስጥ ግርጌውን ይጀምረዋል፣ እርጥበት ያበሰብሰዋል፤ ባለቤቱም የተበላውን እየቆረጠ ይጥልና ቤቱ እንዳለ ዝቅ ይላል። በጨንቻ ዳገት በአንድ ግቢ ውስጥ ረጅምና አጭር ቤት ጎን ለጎን ቆመው ካዩ፣ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ታላቁ አጭሩ ነው። ዕድሜውም ቀላል አይደለም፤ በደንብ የተያዘ ቤት ከአንድ ትውልድ በላይ ይኖራል። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ጎረቤት ተጠራርቶ ቤቱን ከነጣሪያው ተሸክሞ ይወስደዋል።

ዶርዜዎች በሽመና የታወቁ ናቸው፤ የአዲስ አበባውን ሽሮ ሜዳ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቤታቸውንም የሚሠሩት በዚያው እጅ ነው። ቀርከሃውን ሰንጥቀው ከመሬት እስከ ጫፍ ይሸምኑታል፤ ከላይ በቀርከሃ ሽፋንና በእንሰት ቅጠል ይከድኑታል። ግድግዳና ጣሪያ የሚለያዩበት ቦታ የለም፤ ሁሉም አንድ ወጥ ነው። ከፊት ወጣ ያለው የመግቢያው ክፍል ከላዩ ካሉት ሁለት መተንፈሻዎች ጋር ሲታይ የዝሆን ፊት ይመስላል፤ የአካባቢው ሰዎችም ቅርጹ ድሮ በዚያ አገር ከነበረው ዝሆን የተወሰደ ነው ይላሉ።

ወደ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የሚቀበልዎ ጭስ ነው። እንደ ከተማ ቤት ያለ መስኮት የለም፤ እሳቱ የሚነደው ቤት ውስጥ ነው። ጭሱ ወደ ላይ ይወጣና በክዳኑ ውስጥ እየሾለከ ወደ ውጭ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ ግን ሥራ ይሠራል፤ ክዳኑን ከውስጥ ያደርቀዋል፣ ቀርከሃውን በጥላሸት ይለብጠዋል፣ ነቀዝና ሌላ ተባይ እንዳይሰፍርበት ያባርራል። ዝናብና ጉም በማይለየው ደጋ እርጥብ ክዳን ሳይሻግት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ጥሎት የሄደ፣ እሳት የማይነድበት የሣር ቤት ቶሎ እንደሚፈርስ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል። ጭሱ በዓይንና በሳንባ ላይ፣ በተለይ ምድጃ አጠገብ በሚውሉ እናቶችና ሕፃናት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ግን ማቃለል አይገባም። እኔ ጭሱን አላወድስም። የሚደነቀው ሌላ ነገር ነው፤ ጣሪያው በየቀኑ ይጠበቃል፣ ቤተሰቡም ያንን እንደ ተጨማሪ ሥራ አይቆጥረውም።

ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ራስጌ የተቀመጠች ሞቃት ቦታ ናት። ከሲቀላ ሰፈር እስከ ሴቻ ሰፈር የሚታየው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ብዙ ጥቅም አምጥቷል፤ እሳት አይበላውም፣ በፍጥነት ይመታል፣ ዝናቡንም በአንድ መስመር ያወርዳል። ከእሱ ጋር ግን አንድ መጥፎ እምነት አብሮ ገባ፤ አንዴ ከተመታ በኋላ የሰው እጅ አይፈልግም የሚል። ግቢውን በየማለዳው የሚያስጠርግ ሰው ጣሪያውን ለዓመታት ሳያየው ይኖራል።

ቆርቆሮ ማለት በስሱ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ዚንኩ ነው፤ ዚንኩ ደግሞ የሚጸናው ከዝናብ በኋላ አየር አግኝቶ ሲደርቅ ነው። ደረቅ ቅጠል ተጠራቅሞ እርጥበት ካቆረበት መጀመሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣል፣ ቆይቶ ዚንኩ ያልቅና ቀዩ ዝገት ይመጣል። ዝገቱ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከታች ሆኖ በማይታይ ቦታ ነው፤ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ በተደረበበት፣ በሚስማሩ ዙሪያና ሁለት ጣሪያ በሚገናኝበት ሸለቆ። የውፍረቱ መለኪያ የሆነው የጌጅ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ርካሹንና ስሱን የገዛ ሰው ከሌላው ይልቅ መጥረጊያ ያስፈልገዋል።

አርባ ምንጭ ደግሞ የዛፍ ከተማ ናት። የማንጎ ቅጠል ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይበሰብስም፤ እንደ ወደቀ ተነባብሮ ይቀራል። ሽፈራው፣ የጋሞ ሰው ለምግብ በየጓሮው የሚተክለው፣ በተቃራኒው ጥቃቅን ቅጠሉን ያረግፋል፤ ያ ቅጠል ከአቧራ ጋር ተቦክቶ አሸንዳውን እንደ ጭቃ ይደፍነዋል። በጫካ ጠርዝ ባሉ ሰፈሮች ዝንጀሮና ጦጣም አሉ፤ የበሉትን ልጣጭ እዚያው ጣሪያ ላይ ትተው፣ ሲዘሉም ቆርቆሮውን አጉብጠው ይሄዳሉ። የአእዋፍ ኩስ ሳይቆጠር ነው።

አሸንዳው ሲደፈን ውኃው መንገድ ያጣና ወደ ኋላ ተመልሶ ኮርኒሱ ውስጥ ይገባል፣ ወይም በግድግዳው ይወርዳል። የጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳው ከሥሩ ይቦረቦራል። ሳይፈስ የቀረው ደግሞ አሸንዳው ውስጥ ይተኛል፤ ወባ ለሚያውቅ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ሰው ውኃ በሚያጠራቅምበት ታንከርና በርሜል ውስጥ የምትራባ ናት። ስለዚህ ከአሸንዳው ጋር የሮቶውን ክዳንም ማየት ያስፈልጋል።

ሮቶ ካነሳን ስለ ውኃው ትንሽ እንበል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። አርባ ምንጭ በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት እንግዲህ በዓመት 54,000 ሊትር ያህል ይወርድበታል። ከፊሉ ቢባክን እንኳ ቧንቧ በተቋረጠ ቀን የሚያኮራ ሀብት ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተጀመረ ዩኒቨርሲቲ ባላት ከተማ ይህ ሁሉ ውኃ ወደ ቦይ ሲሄድ ማየት ያስቆጫል። ግን ውኃው ከጣሪያው ንጽሕና አይበልጥም። ከበጋው በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ዝናብ አቧራውንና ኩሱን የሚያጥብ ስለሆነ ወደ ሮቶ መግባት የለበትም፤ ቱቦውን ነቅሎ ማፍሰስ ነው። የቀረውም ለመጠጥ ከሆነ ይፈላል ወይም ክሎሪን ይጨመርበታል።

ጊዜውን ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዲስ አበባ ክረምቱ ከሰኔ ስለሚገባ ጣሪያ የሚታየው በግንቦት ነው፤ ከዚያ የመጣ ሰው ልማዱን ይዞ አርባ ምንጭ ከገባ ዘግይቷል። እዚህ ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ሁለተኛው ከመስከረም በኋላ ይመጣል። ስለዚህ የሚጠረገው በመጋቢትና በነሐሴ ነው።

ለጽዳቱ ለስላሳ መጥረጊያና ውኃ ይበቃል። በአሸዋ ወይም በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ዚንኩን ራሱን መግፈፍ ነው፤ ቆርቆሮው ያበራል፣ ብዙ ሳይቆይ ግን ይዝጋል። ቆርቆሮ ላይ የሚራመድ ሰው የሚስማሩን ሰልፍ ይከተል፤ ከሥሩ ሞራሌ አለ። ጣሪያው እርጥብ ከሆነ ወይም የመብራት ገመዱ በቅርብ የሚያልፍ ከሆነ አይውጡ፤ መሰላል የለመደ ባለሙያ ይጥሩ። የላላ ሚስማር ሲገኝ እዚያው ይጥበቅ፣ ጎማው ያረጀ ይቀየር፤ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ የማንጎ ቅርንጫፍም ፍሬው ካለቀ በኋላ ይቆረጥ። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጋቢትና ነሐሴ ሳያልፉ ያሠሩት።