ለአበባ ፎቶ የትኛው ሌንስ ያዋጣል?

አቅሙ ውስን የሆነ ጀማሪ «ምን ሌንስ ልግዛ?» ሲል መልሱ ብዙውን ጊዜ «ሃምሳ በ1.8» የሚል ነው። ሰው ለሚያነሳ ጥሩ ምክር ነው። ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ገብቶ አበባና ቅጠል ለሚያነሳ ግን ገንዘቡን ያለቦታው ሊያስወጣው ይችላል።

1.8 የሚለው ቁጥር ሌንሱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስገባ ነው የሚናገረው። ለአበባ የሚያስፈልገው ሌላ ነው፤ ሌንሱ ምን ያህል ያስጠጋል፣ ተጠግቶስ ምን ያህል ያጎላል?

የካኖንን 50 ሚሊሜትር 1.8 ኤስቲኤም እንውሰድ። ከ35 ሴንቲሜትር የበለጠ ከተጠጉ ፎከስ አያደርግም። አነስ ያለ ሴንሰር ባላቸው የጀማሪ ካኖን ካሜራዎች ላይ በዚያ ርቀት ሲነሳ ፎቶው በወርዱ 10 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ቦታ ይይዛል። አንዲት አደይ አበባ ቢያነሱ ዙሪያዋን የሚሞላው ሣሩ ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ኤስቲኤም (3.5-5.6 የሚለው) ደግሞ እስከ 25 ሴንቲሜትር ያስጠጋል፤ 55 ላይ ሲደረግ ፎቶው የሚይዘው 6 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ አበባዋ ጎልታ ትወጣለች። ብዙ ሰው የሚንቀው ሌንስ እዚህ ላይ ከተመከረው ይበልጣል ማለት ነው። ርቀቱ የሚለካው ከሌንሱ ጫፍ ሳይሆን ከሴንሰሩ ነው፤ ካሜራው አናት ላይ ያለው መስመር ያቋረጠው ትንሽ ክብ ቦታውን ያሳያል።

«ጥላ ውስጥስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ነው። የጉለሌው ማዕከል በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ያለ ነው፤ ጥዱ ሥር ሲገቡ ብርሃኑ በእጅጉ ይቀንሳል። 1.8 ከ5.6 ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ችግሩ በጣም ተጠግተው በ1.8 ሲያነሱ ጥርት የሚለው ክፍል እጅግ ቀጭን መሆኑ ነው፤ የአንዱ ቅጠል ጫፍ ሲጠራ ቀሪው አበባ ይደበዝዛል። ስለዚህ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ (አፐርቸር) ወደ 8 ወይም 11 መዝጋትዎ አይቀርም፤ የከፈሉበት 1.8 ሥራ ላይ አልዋለም። ለጥላው የሚያዋጣው ባለሦስት እግር ማቆሚያና ነፋሱ ጋብ እስኪል መታገስ ነው።

ሃምሳው ቀድሞ እጅዎ ላይ ካለ አይሽጡት። በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ፣ ውስጡ መስታወት የሌለው ባዶ ቀለበት አለ፤ ኤክስቴንሽን ቲዩብ ይባላል፣ ከሌንስ በጣም ይረክሳል። 25 ሚሊሜትሩ ሲገባ ሃምሳው የሚይዘው ቦታ ወደ 3 ሴንቲሜትር ይጠብባል፤ ንብ ጎልታ ትወጣለች። ሩቅ ነገር ግን አያነሳም። የኤሌክትሪክ መገናኛ ያለውን ይምረጡ፤ የሌለው በካኖን ላይ ኦቶ ፎከሱንም አፐርቸር መቀየሩንም ያሳጣዎታል።

አዲስ ሌንስ የግድ ከሆነ የእኔ ምርጫ 55-250 ኤስቲኤም ነው። ከ85 ሴንቲሜትር ላይ ሆኖ የሚይዘው 8 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከሃምሳው በተሻለ ያጎላል። ከመንገዱ ሳይወጡ፣ ችግኝ ሳይረግጡ፣ ቢራቢሮዋን ሳያስበረግጉ ያነሳሉ። ለጥበቃ ተብሎ በተያዘ ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያው ሌንስ ቅርንጫፍ ላይ ላለችውም ወፍ ይሆናል።

የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራ ያለዎት ይጠንቀቁ፤ ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም። የራሱ ሞተር የሌለው ኤኤፍ-ዲ የሚል ሌንስ ርካሽ ሆኖ ቢያገኙት ፎከሱን በእጅ ማዞር ይጠበቅብዎታል።

ሱቅ ሲሄዱ ካሜራዎንና አንድ ማስመሪያ ይያዙ። ሌንሱን ይግጠሙና ፎከስ የሚያደርግበት የመጨረሻው ቅርብ ርቀት ድረስ ተጠግተው ማስመሪያውን ያንሱት፤ ከፎቶው ዳር እስከ ዳር ስንት ሴንቲሜትር እንደገባ ይቁጠሩ። በሌላውም ሌንስ እንዲሁ ያድርጉ፤ ለአበባ የሚሻለው ቁጥሩ ያነሰው ነው።