ጋሽ ጌታቸው፦ በሳክስፎን የሸለለው እስትንፋስ

«የኛ ብሉዝ ትዝታ ነው» ይባላል። ብሉዝ ማለት ናፍቆትና ሐዘን የሚያንጎራጉር ዘፈን ብቻ ከሆነ፣ እሺ፣ ይሁን። ብሉዝ ግን የሚጮኽ ወገንም አለው። ሉዊስ ጆርዳንና ኤዲ ቪንሰንን የመሳሰሉት ጥቁር አሜሪካውያን ስንኙን በድምፃቸው ካወጡ በኋላ፣ ከማይክሮፎኑ ፈቀቅ ብለው በሳክስፎን ለራሳቸው መልስ ይሰጡ ነበር። ለዚህኛው ወገን ከአገራችን አቻ የሚፈልግ ሰው ወደ ሽለላ መሄድ ይሻለዋል፤ ከሽለላም ወደ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ።

ለሰቆጣና ለዋግ ደጋ ሰው ሽለላን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ለከተሜው ግን ትንሽ ልበል። ሠርግ ላይ ተበልቶ ተጠጥቶ ሞቅ ሲል አንዱ ይነሣል። ዱላውን ወይም ጠመንጃውን ይዞ ይንጎራደዳል። ዜማው እጅ የሚጨበጨብለት ምት የለውም፤ ልኩ የሸላዩ እስትንፋስ ነው። አንዱን ቃል ትንፋሹ እስኪያልቅ ይጎትተዋል፣ ጫፉ ላይ ድምፁን ያርገበግበዋል፣ ከዚያ የቀረውን ስንኝ ባንድ ጊዜ ያዥጎደጉደዋል። ዙሪያውን የቆሙት በየመሐሉ «በለው!» ይሉለታል። አዝማሪ ካለ ማሲንቆው ከሥር አንዲቱን ድምፅ ይዞ ይጠብቀዋል። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ጣሊያንን ሲዋጉ ተይዘው አንገታቸው በተቆረጠበት በ1937 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይህ ዜማ ለዋግ ሰው የሠርግ ማድመቂያ ብቻ ሳይሆን የጦር ሜዳ ድምፅም ነበር።

ጋሽ ጌታቸው ያን ጊዜ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። የተወለዱት በ1935 ይፋት ውስጥ ሲሆን፣ ጣታቸውን ያፍታቱት በክራርና በማሲንቆ ነው። ሳክስፎንና ክላርኔት ከዚያ በኋላ መጡ። በ1949፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ። ጊዜው እንደ ነርሲስ ናልባንዲያን ያሉ አርመናውያን የሙዚቃ መምህራን ያገሩን ልጆች ከኖታና ከነሐስ መሣሪያ ጋር የሚያስተዋውቁበት ነበር። በ1955 የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተከፈተና ወደዚያው ኦርኬስትራ ተሻገሩ። ከዚያ ደግሞ ፖሊስ ኦርኬስትራ። ድምፃውያኑን አለማየሁ እሸቴንና ሒሩት በቀለንም አጅበዋል።

እስከዚህ ድረስ የብዙ ጎበዝ ሙዚቀኛ ታሪክ ነው። ጋሽ ጌታቸውን የለያቸው ሸላዩን ከማጀብ ይልቅ ራሱን ሸላዩን መሆናቸው ነው።

ይህ በመሣሪያው ላይ እንዴት እንደሚሆን ቀረብ ብሎ ማየት ደግ ነው። የሳክስፎን ድምፅ የሚነሣው አፉ ላይ ከምትታሰር ከሸምበቆ የተላገች ስስ ምላስ ነው። ትንፋሽ ሲመታት ትርገበገባለች፤ ከንፈር ጠበቅ ላላ ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አብዛኛው ተጫዋች ይህችን መንቀጥቀጥ እንደ ቅመም ጣል ያደርጋታል። ጋሽ ጌታቸው ግን ወጡን ራሱን ከእሷ ሠሩት። ወፍራሙ ቴነር ሳክስፎን በእሳቸው እጅ የሸላዩን ጉሮሮ ያወጣል፦ ረጅሙ ጉተታ፣ ጫፉ ላይ የሚርገበገበው፣ ከዚያ ድንገት የሚዥጎደጎደው። ቃል የለም፤ ሽለላ ያደመጠ ጆሮ ግን ስንኙ የት እንደተጀመረና የት እንደተዘጋ አይስተውም። መድረክ ላይም የሙዚቀኛ ከረባታቸውን ትተው የአርበኛ ለምድና የአንበሳ ጎፈር አድርገው የሚወጡበት ጊዜ ነበር። ትርኢት ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ዜማው ያለ ለምዱ ጎደሎ ይሆን እንደነበር አምናለሁ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፊሊፕስ በመሣሪያ ብቻ የተጫወቱትን ሙሉ ሸክላ አሳተመላቸው። ከሽለላው ሌላ የሚጫወቱት አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለወሎ ሰው፣ ያኔ በወሎ ሥር ለነበረው ለዋግም፣ የቤት ቅኝቶች ናቸው። ውጭ አገር ያሉ ጸሐፊዎች ይህን ሥራ በኋላ ሲሰሙት ከአሜሪካዊው አልበርት አይለር ጋር አመሳሰሉት፤ የነጻ ጃዝ ሰው ነው አሉ። ጩኸቱ ይመሳሰላል፣ አልክድም። ግን አይለር መቅረጽ የጀመረው በ1960ዎቹ ነው፤ ጋሽ ጌታቸው ደግሞ ከዚያ በፊት መድረክ ላይ ነበሩ። መነሻቸውም የይፋት ሽለላ እንጂ የኒው ዮርክ ክበብ አልነበረም።

በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን የሌሊት ሙዚቃ አዳከመው፤ ባንዶችም ተበተኑ። ስማቸው ዳግም የተነሣው በ2003፣ «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ 14ኛ ቅጹን ለእሳቸው ሲሰጥ ነው። ርእሱ «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» ይላል። በዓመቱ «ዘ ኤክስ» የተባለው የሆላንድ ፓንክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር አምስተርዳም ጋበዛቸው። ሰባ ሊሞላቸው የቀረበ ሰው ከሚያስገመግሙ ጊታሮች መሐል ምን ያደርጋል? የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሰውየው ያጅቡኝ ብለው የመረጧቸው እነዚሁኑ ነው። ጊታሮቹ አንዲት ድምፅ ይዘው ድርቅ ሲሉ፣ ከበሮው ሲደበድብ፣ የማሲንቆውና የ«በለው!» ባዮቹ ቦታ ሞላ። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበም ወጣ። በ2008 ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ተጫወቱ፤ በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» ተከተለ። ኤፕሪል 4 ቀን 2016 በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።

ላልሰማቸው ሰው መጀመሪያ የፊሊፕሱን «ሽለላ»፣ ቀጥሎ ከ«ሞዓ አንበሳ» «ቼ በለው»ን እመክራለሁ። ሁለተኛው ላይ ጊታሮቹ የከበዱት ትንሽ ይታገሥ። ሳክስፎኑ ሲገባ ሸላዩ ማን፣ ተቀባዩ ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል።